ድንበር በፓርቲ መግለጫ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው፣ ትንሽ ከርዕስ ከወጣሁ ታገሱኝ።

ሰሞኑን የፓርቲዎችን ማኒፌስቶ እያነበብኩ ነው። አዎ ማንም የማያነበውን ነገር ማንበብ እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ። እና ቀጥታ የምሄደው ሰላም፣ ድንበርና ብሔራዊ ደህንነት ወደሚለው ክፍል ነው፣ ምክንያቱም ኢኮኖሚው ላይ ሁሉም ቁጥር ይደረድራል፣ ትምህርቱ ላይ ሁሉም ጥራት ጥራት ይላል፣ እዚህኛው ላይ ግን አንድ ፓርቲ የሚያስበውን በደንብ ካልነገረህ ነገ ልጅህ የት እንደሚዘምት አታውቅም። ያው ብዙ ጊዜ ክፍሉ አንድ ገጽ እንኳን አይሞላም። ሉዓላዊነት ይከበራል፣ ከጎረቤቶች ጋር መልካም ግንኙነት ይኖራል፣ መከላከያው ይዘምናል፣ አለቀ። የፓርቲውን ስም በእጅህ ብትሸፍነው ገዢው ይጻፈው ተቃዋሚው ይጻፈው አትለየውም።

ስለዚህ ማኒፌስቶውን ተውኩትና አንድ ፓርቲ ድንበር ላይ የእውነት አቋም ስለያዘበት ቀን ማሰብ ጀመርኩ። ግንቦት 28 ቀን 2010። ታስታውሳላችሁ? የኢህአዴግ ስራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ተሰብስቦ መግለጫ ያወጣበት ቀን። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ከመጡ ገና ሁለት ወር ነው፣ በዛው ቀን ፓርላማው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አንስቷል፣ አገሩ በሙሉ ደስ ደስ ብሎታል፣ እና ማታ ላይ መግለጫው ተነበበ። መግለጫው ሁለት ትልልቅ ነገር ነበረው። አንደኛው ቴሌ፣ አየር መንገድ፣ መብራት ኃይል እነዚህ ሁሉ አክሲዮናቸው በከፊል ይሸጣል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኢትዮጵያ ከኤርትራ ጋር የፈረመችውን የአልጀርስን ስምምነትና የድንበር ኮሚሽኑን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ትቀበላለች፣ ትተገብራለች። አስቡት እስቲ፣ በአንድ መግለጫ፣ በአንድ ማታ። በማግስቱ እኔ የምሰራበት ቢሮ ወሬው ሁሉ ቴሌ ነበር። ባድመን ያነሳ ሰው ትዝ አይለኝም።

አሁን ትንሽ ወደኋላ ልመለስ፣ ምክንያቱም ያኔ ልጅ የነበራችሁ አላችሁ። ጦርነቱ በግንቦት 1990 ባድመ ላይ ፈነዳ፣ ሁለት ዓመት ቆየ፣ ከሁለቱም ወገን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ታህሳስ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። በስምምነቱ መሰረት አምስት አባላት ያሉት የድንበር ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ሁለቱም አገሮች ውሳኔው የመጨረሻና አሳሪ ይሁን ብለው ፈረሙ። በኤርትራ በኩል ድንበሩን ተከትሎ 25 ኪሎሜትር ስፋት ያለው ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጠና ተከለለ፣ የተባበሩት መንግስታት ሰላም አስከባሪ ገባበት። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ኮሚሽኑ ፈረደ።

እና እዚህ ጋ በጣም የሚገርመኝ ነገር አለ። ውሳኔው ሲወጣ መስመሩ የተሰመረው በካርታ ነጥቦች ነው፣ እና በካርታው ላይ ባድመ የምትባለው ከተማ ራሷ አልተጻፈችም ነበር። ሰው የሞተላት ከተማ! ስለዚህ በዛን ሰሞን የኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ስዩም መስፍን ባድመ ለኛ ተፈርዳለች አሉ፣ አስመራም በበኩሏ የኛ ናት አለች፣ ሁለቱም ህዝብ አሸነፍን ብሎ ደስ አለው። ነጥቦቹ መሬት ላይ ሲለኩ ባድመ ኤርትራ ውስጥ ሆነች፣ ኮሚሽኑም በ1995 ይሄንን በግልጽ አስቀመጠው። ደስታው ወዴት እንደገባ እንጃ።

ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ በኛ በኩል ውሳኔው ፍትሃዊ አይደለም ተባለ፣ በኅዳር 1997 ደግሞ ባለ አምስት ነጥብ የሰላም ሀሳብ መጣና በመርህ ደረጃ ተቀብለናል ግን አተገባበሩ ላይ እንነጋገር ተባለ። ኤርትራ አይ መጀመሪያ ይካለል አለች። ኮሚሽኑ ሰልችቶት በ2000 ድንበሩን መሬት ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ በነጥብ አካለልኩት ብሎ ተበተነ፣ ሰላም አስከባሪውም በዛው ዓመት ወጣ። እና ሰላምም ጦርነትም የሌለበት፣ ወታደሩ ምሽግ ውስጥ የሚያረጅበት ዘመን ሆነ።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው አንድ ፓርቲ ስልጣን ላይ እያለ ነው። 16 ዓመት "አይሆንም" ወይም "በመርህ ደረጃ" ያለው ኢህአዴግ ነው፣ በአንድ ማታ "ሙሉ በሙሉ" ያለውም ኢህአዴግ ነው። እኔ አልተሳሳተም እያልኩ አይደለም፣ ተሳስቷልም እያልኩ አይደለም። እንደውም በግሌ መቀበሉን እደግፋለሁ፣ ፈርመህ ስታበቃ ፍርዱ ሳይጥምህ ሲቀር አልቀበልም ማለት አያስኬድም። የሚያብከነክነኝ ሌላ ነው። ውሳኔው ሲቀየር ለምን እንደተቀየረ፣ መሬት ላይ እንዴት እንደሚተገበር፣ መቼ፣ ማን ይነሳል ማን ይቆያል፣ የሚነሳው ሰው ምን ይሰጠዋል፣ አንዲት መስመር የለም። ከፓርላማ ክርክር ሰምተን አይደለም ያወቅነው፣ የፓርቲ ኮሚቴ ነው በቲቪ የነገረን።

ቲቪ ላይ ከሰሙት መሃል ደግሞ ኢሮቦች አሉ። ኢሮብ ማለት በትግራይ ሰሜን ምስራቅ ጫፍ ያለ ትንሽ ህዝብ ነው፣ ሳሆ ይናገራል፣ ተራራማ አገር ነው፣ ዓሊቴና የሚባል ከተማ አላቸው። የኮሚሽኑ መስመር ህዝቡን ለሁለት ነው የሚቆርጠው። የአንድ ቤተሰብ ማሳ እዚህ፣ ቤተክርስቲያኑ እዛ ሊሆን ነው ማለት ነው። ከመግለጫው በኋላ በነበሩት ቀናት ባድመም ኢሮብም ሰው ሰልፍ ወጣ። ሰላም ጠልተው አይደለም እኮ! ከማንም በላይ ሰላም የሚፈልገው እዛ ያለ ሰው ነው፣ መድፍ ሲተኮስ መጀመሪያ የሚወድቀው እነሱ ጣሪያ ላይ ነው። ጥያቄያቸው "እኛን ማን ጠየቀን" ነው፣ እና እስከዛሬ በቅጡ የመለሰላቸው ያለ አይመስለኝም።

ያኔ ግን ይሄን የሚሰማ ጆሮ አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር። ሰኔ 13 ፕሬዝዳንት ኢሳያስ ልዑክ እንልካለን አሉ፣ ሐምሌ 1 ዐቢይ አስመራ ገቡ፣ በማግስቱ ባለ አምስት ነጥብ መግለጫ ተፈረመ፣ ስልክ ተከፈተ፣ አውሮፕላን በረረ፣ 20 ዓመት የተለያዩ ቤተሰቦች ኤርፖርት ላይ ሲላቀሱ አየን። መስከረም 1 ቀን 2011፣ ዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ ዛላምበሳና ቡሬ ላይ ድንበሩ ተከፈተ። ዛላምበሳ ላይ ሰው በእግሩ እየሮጠ ነው የተሻገረው። በዛ ሰሞን ጤፍና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ወደ ሰሜን፣ ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሰው ወደ አዲግራትና መቀሌ፣ ናቅፋና ብር መንገድ ላይ ይመነዘር ነበር። ጉምሩክ የለ፣ ቪዛ የለ፣ የገንዘብ ስርዓት የለ፣ ሁለቱ አገሮች በምን ሂሳብ እንደሚገበያዩ ይፋ የሆነ ወረቀት የለ። አራት ወር ሳይሞላ ዛላምበሳ ተዘጋ። ሁመራ በኩል ተከፈተ፣ እሱም ተዘጋ፣ በሚያዝያ 2011 ሁሉም ተዘግቶ ነበር። ለምን? መግለጫ እንኳን አልወጣለትም። ሲከፈት ካሜራ ነበር፣ ሲዘጋ አንድ ወታደር መጥቶ ነው ዘንጉን ያወረደው።

ከዛ ፓርቲውም ከሰመ። በ2012 ኢህአዴግ ፈርሶ ብልጽግና መጣ። በ2013 የትግራይ ጦርነት መጣ፣ የኤርትራ ጦር ገባ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም ኤርትራ ፈራሚ አልነበረችም። ከዛም በኋላ የኤርትራ ወታደር ኢሮብ አካባቢ እንዳለ ነዋሪዎችም የክልሉ አስተዳደርም ደጋግመው ሲናገሩ ሰምተናል። እና ልጠይቃችሁ፣ የግንቦት 28ቱ ውሳኔ አሁን የማን ነው? የፈረሰ ፓርቲ ኮሚቴ ውሳኔ ነው ወይስ የአገር አቋም? እኔ ሳስበው ችግሩ እዚህ ላይ ነው፣ ድንበርን ያህል ነገር በፓርቲ መግለጫ ከመጣ በፓርቲ መግለጫ ይሄዳል።

ወደቡንም ተመልከቱት። በኢህአዴግ ጊዜ ወደብ ሸቀጥ ነው፣ ከፍለህ ትጠቀማለህ ሲባል ነው የኖረው፣ አሰብን ያነሳ ሰው ጦርነት ናፋቂ ይባል ነበር። በጥቅምት 2016 ቀይ ባህር የህልውና ጉዳይ ነው ተባለ። በታህሳስ 22 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ 20 ኪሎሜትር የባህር ዳርቻ ለ50 ዓመት ሲባል ከእነሱ ፕሬዝዳንት አፍ ነው የሰማነው፣ ሙሉ ጽሁፉን ያየ የለም። ሞቃዲሾ ተቆጣች፣ ግብጽ ገባችበት፣ ዓመት ሳይሞላ ታህሳስ 2 ቀን 2017 አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ ወጣ። የባህር በር ጥያቄው ተገቢ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ይሄን ያህል ህዝብ በአንድ የጅቡቲ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩ ለማንም አይመችም። ግን ትናንት ማንሳቱ ነውር የነበረ ነገር ዛሬ ህልውና ሲሆን መሃል ላይ የሆነ ክርክር መኖር አልነበረበትም?

ህገ መንግስቱ እኮ መንገዱን አስቀምጦታል፣ አንቀጽ 55ን አንብቡት። ጦርነት የሚታወጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ህግ አቅርቦ ተወካዮች ምክር ቤት ሲያጸድቀው ነው፣ ዓለም አቀፍ ስምምነትም እዛው ይጸድቃል። አንቀጽ 87 ደግሞ መከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሁን፣ ሠራዊቱ ከየትኛውም ፓርቲ ወገንተኝነት ነጻ ይሁን ይላል። በ1995 የወጣው የውጭ ጉዳይና የአገር ደህንነት ፖሊሲ ራሱ፣ የፈለጋችሁትን በሉት፣ ዋናው ስጋታችን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው፣ ድህነትና የመልካም አስተዳደር እጦት ነው ብሎ ቁጭ ብሎ የሚከራከር ሰነድ ነበር። ብዙው ነገር አይዋጥልኝም ግን ቢያንስ ገጽ ጠቅሰህ ትቃወመዋለህ። የአሁኖቹን አንድ ገጾች በምን ትቃወማቸዋለህ?

ስለዚህ ዘንድሮ ክርክር ላይ አንድ እጩ ብይዝ "ሰላም ትፈልጋለህ ወይ" ብዬ አልጠይቀውም። ባድመ የኤርትራ ናት ትላለህ ወይስ አትልም፣ ናት ካልክ ኢሮብ ውስጥ መስመሩ የሚቆርጠው ገበሬ የትኛውን መታወቂያ ነው የሚይዘው፣ ማሳውን ለማረስ ሲሻገር ማንን ነው የሚያስፈቅደው? አይደለችም ካልክ የፈረምከውን ወረቀት ምን ታደርገዋለህ? ወደብ በሰላማዊ መንገድ ካልክ የሰላማዊ መንገዱ በር ሲዘጋብህ ቀጥሎ ምን አለህ? አልፋሽጋ በሚባለው አወዛጋቢ የድንበር መሬት ላይ ከሱዳን ጋር መቼ ነው ቁጭ የምትለው፣ እነሱ እርስ በርስ እየተዋጉ ከማን ጋር? እነዚህን ከመለሰልኝ መልሱ ባይጥመኝም እሰማዋለሁ።

እስካሁን ካነበብኳቸው ውስጥ ኢሮብ የሚል ቃል ያገኘሁበት ማኒፌስቶ የለም። ምናልባት እኔ ያላየሁት ካለ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ላኩልኝ፣ የማንም ፓርቲ ይሁን፣ በሚቀጥለው ኤፒሶድ አነበዋለሁ። ቻው ቻው።