ከተቀባይ ቤተሰብ ጋር በመኪና ወደ ገጠር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣

በቅርቡ በተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ባሕር ማዶ ተሻግራችሁ፣ ከዚህ ቀደም አይታችሁት ከማታውቁት ቤተሰብ ጋር መኖር ትጀምራላችሁ። ስለ ትምህርቱና ስለ ቪዛው ከእኔ በፊት የተናገሩት በሚገባ ስላስረዷችሁ፣ የተሰጠኝን ጊዜ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ አውለዋለሁ። ተቀባዩ ቤተሰብ አንድ ቀን ጠዋት «በመኪና ወደ ገጠር ልንወጣ ነው፤ አብራችሁን ትሄዳላችሁ?» ማለቱ አይቀርም። እንድትሄዱ እመክራለሁ፤ ነገር ግን እንደ ዕቃ ተጭናችሁ እንድትሄዱ አይደለም።

በቤት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ክፍልና የየራሱ ጥድፊያ ስላለው፣ እንግዳው ተማሪ በትሕትና ፈገግ እያለ ሳምንታት ሊያሳልፍ ይችላል። መኪና ውስጥ ግን ይህ አይሆንም። ሁሉም ወደ ፊት ስለሚመለከት ዓይን ለዓይን መፋጠጥ የለም፤ ዝም ቢባልም ማንንም አያሳፍርም፤ ወሬ ሲጠፋ ደግሞ መንገዱ ራሱ ያቀብላል። በቋንቋው ለመናገር የሚፈራ ተማሪ አንደበቱ የሚፈታው፣ እኔ እንደታዘብኩት፣ ከክፍል ይልቅ በኋላ መቀመጫ ላይ ነው። ለምሳሌ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሜዳ ላይ በፕላስቲክ ተጠቅልለው የተደረደሩ፣ ሰው ወገብ የሚደርሱ ድቡልቡል ጥቅሎች ታያላችሁ። ምን እንደሆኑ ጠይቁ። ሣሩ እርጥበቱን ሳይጨርስ ታጭዶ፣ አየር እንዳይገባው ታፍኖ፣ እየተብላላ ለክረምት የከብት መኖ እንደሚሆን ይነግሯችኋል፤ ከዚያም አያታቸው እንዴት ያጭዱ እንደነበር፣ መሬቱ ለምን እንደተሸጠ፣ የትኛው አጎት ከማን ጋር እንደተኳረፈ ይከተላል። ይህን ማንም መምህር አያስተምራችሁም።

ሥራም ያዙ። በገጠር የስልክ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ካርታውን ከመነሳታችሁ በፊት አውርዳችሁ መንገድ የመምራቱን ኃላፊነት ጠይቁ። የእርሻ በር ሲያጋጥም ወርዳችሁ ክፈቱ፤ መኪናው ሲያልፍም በሩን እንዳገኛችሁት አድርጋችሁ ተዉት። ዝግ ከነበረ ዝጉት፤ ክፍት ከነበረ ግን ለደግነት ብላችሁ አትዝጉት፤ ገበሬው ከብቶቹ ወደ ውኃ እንዲወርዱ ሆን ብሎ ከፍቶት ሊሆን ይችላልና። በሰው መሬት ላይ የመዘዋወር መብትም ከአገር አገር ይለያያል። በስዊድን ማንም ሰው የባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ በጫካ መዘዋወርና የዱር እንጆሪና እንጉዳይ መልቀም ይችላል፤ ይህ መብት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ሰፍሯል። በሌላ አገር ያንኑ ብታደርጉ ከባለ መሬቱ ጋር ልትጣሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከመኪና ወርዳችሁ ከመሮጣችሁ በፊት ጠይቁ።

አሁን ወደ ጥንቃቄው ልለፍ። በብሪታንያ፣ በአየርላንድ፣ በጃፓንና በአውስትራሊያ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነው፤ የሾፌሩም መቀመጫ በስተቀኝ ነው። የተሳፋሪ መስሏችሁ የሾፌሩን በር ብትከፍቱ ቤተሰቡ ከመሳቅ በቀር የሚመጣ ነገር የለም፤ መንገድ ለመሻገር ስትወርዱ በለመዳችሁት አቅጣጫ ብቻ ካያችሁ ግን አደጋው የከፋ ነው። ቀበቶ ከኋላም ይታሰራል። መጠጥ የቀመሰ ሰው ሊነዳ ከተነሳ፣ ታላቅም ይሁን ባለውለታ፣ አልሳፈርም ማለት ብልግና አይደለም፤ ወዲያውኑ ለፕሮግራሙ ተጠሪ ደውሉ።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ድንበር ነው። የብሪታንያ ክፍል ከሆነችው ከሰሜን አየርላንድ ራሷን የቻለች አገር ወደሆነችው አየርላንድ ሪፐብሊክ በመኪና ስትሻገሩ አብዛኛውን ጊዜ ኬላም ሆነ ጠባቂ አታዩም፤ ድንበሩን ማለፋችሁን የምታውቁት የፍጥነት ምልክቶቹ ከማይል ወደ ኪሎ ሜትር ሲለወጡ ነው። ሆኖም ሁለቱ መንግሥታት የየራሳቸው የቪዛ ሕግ ስላላቸው፣ ቪዛ የሚጠየቅ የውጭ ዜጋ የብሪታንያ ቪዛ በመያዙ ብቻ በአብዛኛው ወደ ሪፐብሊኩ መግባት አይፈቀድለትም። ቤተሰቡ ዕድሜውን ሙሉ ያለ ቪዛ ሲመላለስ ስለኖረ ይህ ትዝ አይለውም። «ድንበር እንሻገራለን ወይ?» ብሎ መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ነው።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ የነዳጁንና የማደሪያውን ወጪ ማን እንደሚችል ከመነሳታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ።

በጦርነት ጊዜ ቁስለኛ በአምቡላንስ ያመላልሱ የነበሩ የአሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ በጎ ፈቃደኞች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በውጭ አገር ቤተሰቦች ዘንድ የማኖር ፕሮግራም ጀመሩ። የሰው ልጅ ሲጠፋፋ በቅርብ ያዩ ሰዎች መፍትሔውን ከጉባኤ አዳራሽ ይልቅ በሰው ቤት ውስጥ መፈለጋቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ወላጆች ሆይ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ተማሪዎች ከሚኖሩበት አካባቢ ርቀው ለማደር አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ቤተሰቡ ዓርብ ማታ ጉዞ አስቦ ቅዳሜ ማለዳ ሲነሳ ፊርማችሁን የሚያሳድድበት ጊዜ አይኖርም። የፈቃድ ቅጹን ልጆቻችሁ ከመሄዳቸው በፊት ከፕሮግራሙ ተጠሪ ጠይቃችሁ፣ ሞልታችሁ አስረክቡ።

አመሰግናለሁ።