አንዱን ታካሚ ከሺዎች መሀል ማውጣት

ሰላም፦ ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ለምትሠሩ ነው የምናወራው። ዳታቤዛችሁ ውስጥ ብዙ ሺህ ሪከርድ አለ። የምትፈልጉት አንዱን ብቻ ነው። ዮናስ፣ ይሄ ራሱን የቻለ ርዕስ ይወጣዋል?

ዮናስ፦ በደንብ እንጂ! አንድ ክሊኒክ አስቢ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የታካሚውን ስም ጽፋ ትፈልጋለች። ሐኪሙ ጋ የሌላ ሰው ካርድ ከደረሰ የሚታዘዘውም የሌላ ሰው መድኃኒት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ያወጣሁት የእሱን መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ የሚለው ነው።

ሰላም፦ በፕራይመሪ ኪይ ነዋ።

ዮናስ፦ አዎ። ለእያንዳንዱ ታካሚ የማይደገም ቁጥር ሲኖር ወይ አንድ ሪከርድ ይመጣል፣ ወይ ምንም አይመጣም። ሁለት እንዳይሆን ዳታቤዙ ራሱ ይከለክላል። ፍጥነቱም ሌላ ነው። ኤስኪውላይት የሚባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም እንውሰድ፤ ሰርቨር አይፈልግም፣ ሙሉው ዳታቤዝ አንድ ፋይል ነው። ቁጥር የሆነ ፕራይመሪ ኪይ ሲያገኝ በቀጥታ ወደ ሪከርዱ ይሄዳል። ኢንዴክስ፣ ማለትም እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ መፈለጊያ በሌለው ኮለም ብትፈልጊ ግን ቴብሉን ከላይ እስከ ታች ያነበዋል።

ሰላም፦ የቱን እያደረገ እንደሆነ ደግሞ ማየት ይቻላል። ከኩዌሪው፣ ማለትም ለዳታቤዙ ከምትልኩት ጥያቄ ፊት «ኤክስፕሌይን ኩዌሪ ፕላን» የሚለውን ትእዛዝ ጨምሩ። መልሱ «ሰርች» ካለ ጥሩ ነው። «ስካን» ካለ ሁሉንም እያገላበጠ ነው ማለት ነው። እሺ፣ ቁጥሯን የማታውቅስ? ካርዷን ቤት ረስታ የመጣች እናት «ፀሐይ ከበደ እባላለሁ» ነው የምትለው።

ዮናስ፦ ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። ብዙዎቻችን የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ፀሐይ ከበደ የምትባል ሴት በአንድ ከተማ ስንት ትኖራለች? በዚያ ላይ ፊደሉ አለ። «ፀ» በሁለት መንገድ ይጻፋል። «ሐ» ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ስድስት ነው። ድምፁ ሳይለወጥ «ፀሐይ» ብቻ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይኖራታል። ለዳታቤዙ እያንዳንዱ ሌላ ስም ነው።

ሰላም፦ ስለዚህ «አልተገኘም» ይላል። ልጅቷም አዲስ ካርድ ታወጣለች። የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማት የተጻፈው ማስታወሻ አሮጌው ካርድ ላይ ይቀራል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ መከላከል ይቻል ነበራ!

ዮናስ፦ ሥራው ከባድ አይደለም እኮ። ከስሙ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ኮለም ጨምሩ። ስም ሲመዘገብ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተለውጠው እዚያ ይቀመጡ፤ እስከ ሳብዑ ድረስ ሁሉም። ሃ እና ኣም ወደ ሀ እና አ ይጠቅለሉ። የሚፈለገውም ስም በዚያው መንገድ ይለወጥና ይፈለግ። ለፍለጋው ኮለም ኢንዴክስ ስጡት። ዋናውን የስም ኮለም ግን አትንኩት፤ ሰው ስሙን የሚጽፍበት ፊደል የራሱ ነው።

ሰላም፦ የተጻፈውን ስም ከኩዌሪው ጽሑፍ ጋር እንዳትለጥፉት ደግሞ። በፓራሜተር፣ ማለትም ከኩዌሪው ጽሑፍ ተለይቶ ይግባ። ከዚያ የተገኙት ይዘርዘሩ፤ የአያት ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ አብረው ይታዩ። ልጅቷ እናትየዋን ጠይቃ ትምረጥ።

ዮናስ፦ ስትመርጥም ፕሮግራሙ ከዝርዝሩ መያዝ ያለበት የካርድ ቁጥሩን ነው። «ሦስተኛው መስመር» ብሎ ከያዘ አለቀለት። አንድ ሰው ዝርዝሩን በዕድሜ ሲደረድረው ሦስተኛው መስመር ላይ ሌላ ሰው ይመጣል።

ሰላም፦ በሲ ሻርፕና ከዳታቤዝ ጋር በሚያገናኘው በኢንቲቲ ፍሬምወርክ ለምትጽፉስ? አንዱን ሪከርድ ለማውጣት የቱ ትእዛዝ ይሻላል፤ «ፈርስት» ወይስ «ሲንግል»?

ዮናስ፦ «ፈርስት» ቢበዙም የመጀመሪያውን አንስቶ ዝም ይላል። ቅደም ተከተል ካልሰጠሽው ደግሞ የመጀመሪያው የቱ እንደሚሆን ዋስትና የለም። «ሲንግል» ሁለት ካገኘ ይጮኻል። ለታካሚ ካርድ እኔ የሚጮኸውን ነው የምመርጠው። የሌላ ሰው ካርድ በዝምታ ከሚከፈት ስክሪኑ ላይ ኤረር ቢወጣ ይሻላል።

ሰላም፦ ምንም ካልተገኘስ?

ዮናስ፦ «ሲንግል ኦር ዲፎልት» ባዶ ይመልሳል፤ ባዶ መሆኑን ሳታዩ ፎርሙን ለመሙላት ከሞከራችሁ ክራሽ ያደርጋል። ከዚያ ለልጅቷ ምን እንደምታሳዩ አስቡ። «አልተገኘም» ብቻ አይበቃም። በአባት ስም ብቻ ወይም በስልክ ቁጥር የምትፈልግበት መንገድ እዚያው ይቅረብላት። «አዲስ ካርድ» የሚለው በተን ከዚያ በኋላ ይምጣ።