የተቃጠለው ስንት ነው? ምንስ ያህል ነው?

የተከበራችሁ እንግዶች፣ መምህራን፣ ከደባርቅ ድረስ የመጣችሁ የፓርክ ስካውቶች፣ አባቶችና እናቶች፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አላችሁ?

ሰደድ እሳት በተነሳ ቁጥር፣ ገና ጭሱ ሳይጠራ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ስንት ሄክታር ተቃጠለ?» ጋዜጠኛው ይጠይቃል። አለቃ ይጠይቃል። ቁጥሩ ከተነገረ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። እኔ ግን ሄክታሩ ቀላሉ ክፍል ነው ባይ ነኝ። ከባዱ፣ ያ መሬት ምን ያህል ተጎዳ የሚለው ነው። እሱን ደግሞ ሳተላይት ብቻውን አይመልሰውም።

ለምን ሳተላይት አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በ2023 ካናዳ ውስጥ 15 ሚሊዮን ሄክታር አካባቢ ተቃጥሏል። ከሞላ ጎደል የአማራ ክልልን የሚያህል መሬት ማለት ነው። አብዛኛው መንገድ የሌለው ደን ነው። ማን በእግሩ ዞሮ ይለካዋል?

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ቅጠል፣ ቅርብ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ዓይናችን የማያየውን ብርሃን አብዝቶ ይመልሳል። አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ግን በውስጡ ያለው ውሃ ይመጠዋል። ሲቃጠል ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ምሳሌ ላስላላችሁ። ከእሳቱ በፊት የአንድ ቦታ ቅርብ ኢንፍራሬድ 30 በመቶ፣ አጭሩ ሞገድ 10 በመቶ ነበር እንበል። ልዩነቱ 20፣ ድምሩ 40፤ ሲካፈል 0.5። ከእሳቱ በኋላ 10 እና 20 ቢሆኑስ? 10 ሲቀነስ 20፣ ለ30 ሲካፈል፣ ከዜሮ በታች 0.33። ከበፊቱ የኋላውን ስንቀንስ 0.83 ይመጣል። በተለመደው መደብ ከ0.66 በላይ የሆነ ሁሉ «ከባድ ቃጠሎ» ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሒሳቡ ከአራተኛ ክፍል ብዙም አያልፍም።

ምስሉም በነጻ ይገኛል። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስሎች ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም ክፍት ናቸው። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ጥንድ ሆነው በየ5 ቀኑ ይመጣሉ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የአጭር ሞገድ ምስላቸው አንዱ ነጥብ 20 ሜትር በ20 ሜትር ነው፤ አንድ ሄክታር 25 ነጥብ ይሆናል። ኢንተርኔቱና መብራቱ አብረው ከመጡልን፣ ጎንደር ቁጭ ብሎ መሥራት ይቻላል።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩን ስናምነው ነው። እንደ ካናዳ ባሉ የሰሜኑ ዓለም ብርዳማ አገሮች ደን የሚቃጠለው ዛፉ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ለብዙ ዘመን የተከማቸ ያልበሰበሰ ቅጠልና ሞስ የሚባል መሬት ላይ ተነጥፎ የሚበቅል ትንሽ ተክል አለ፤ እሱም ይነድዳል። አንዳንዱ ማታ አመድ ለብሶ እንደሚያድር የምድጃችን የተዳፈነ እሳት ነው፤ በረዶ ከላዩ ወድቆ፣ ክረምቱን ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ከርሞ፣ በጸደይ ይነሳል። ከላይ የሚያየው ሳተላይት ጥልቀቱን ከየት ያውቃል? በረዶው ደግሞ ቶሎ ይመጣል፣ ፀሐይዋም ዝቅ ትላለች። ስለዚህ የእነሱ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚቀጥለውን በጋ ጠብቀው ዳግም ይለካሉ። ያኔ የትኛው ዛፍ ሞተ፣ የትኛው ተረፈ የሚለው ይለያል።

እኛ ጋ ይህን እንዳለ ብንቀዳ ጉድ ይሆናል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ስሜን ተራሮች ሲቃጠል ብዙዎቻችሁ እዚያው ነበራችሁ። ቅጠል ይዛችሁ አጥፍታችኋል። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። እንግዲህ «የሚቀጥለውን ወቅት እንጠብቅ» ብንል ምን እናያለን? ክረምቱ ይገባል። ዳመናው ሳምንታት ሙሉ ተራራውን ይሸፍነዋል። መስከረም ላይ ሲገለጥ ሣሩ አረንጓዴ ነው። ኮምፒውተሩም «ምንም አልሆነም» ይለናል። የእኛ ምስል እሳቱ እንደጠፋ፣ ከዝናቡ በፊት መወሰድ አለበት።

ሌላም አለ። ሣር የለበሰ ሜዳ ሙልጭ ብሎ ቢነድ እንኳ፣ መጀመሪያውኑ ቅጠሉ ጥቂት ነበርና ልዩነቱ ትንሽ ይሆናል። በደን መለኪያ ስንመድበው «ቀላል ጉዳት» ይወጣል። ሣሩን የሚግጠው ጭላዳ ግን ያንን ቀላል አይለውም። ለዚህ ነው ልዩነቱን ከነበረው ለምለምነት ጋር ማነጻጸር የሚያስፈልገው። ገደሉንም አትርሱ። ሴንቲኔል የሚያልፈው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በዚያ ሰዓት ወደ ምዕራብ የዞረው ገደል ብዙው ጥላ ውስጥ ነው። ጥላና ጥቁር አመድ ደግሞ ይመሳሰላሉ።

አሁን ወደ አስታ፣ ወደዚያ የደጋ ዛፋችን ልምጣ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የነደደ አስታ ከላይ ሲታይ አከርካሪው ብቻ የቀረ ጥቁር ጭራሮ ነው። ቁጥሩም «ከባድ» ይላል። ነገር ግን አስታ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ጎንበስ ብላችሁ ግንዱ ሥር ብታዩ፣ ቀይ አረንጓዴ ቡቃያ ልታገኙ ትችላላችሁ። እዚያ ከብት ከገባ ግን ቡቃያው ይበላል፣ ዛፉም ቀረ። አንድ ዓይነት የሳተላይት ቁጥር ያላቸው ሁለት ቦታዎች ከዓመታት በኋላ አንዱ ደን፣ ሌላው ግጦሽ ይሆናሉ።

ይህን የሚለየው እግር ነው። ባለሙያዎች በየናሙናው ዲያሜትሩ 30 ሜትር የሆነ ክብ ከልለው፣ አፈሩን፣ ሣሩን፣ ቁጥቋጦውን፣ ዛፉን ለየብቻ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጡታል። ከዚያ ከሳተላይቱ ጋር ያስተያዩታል። የካናዳውን መደብ ለስሜን ከመዋስ፣ የራሳችንን መደብ ማውጣት የምንችለው በዚህ መንገድ ነው። ለዚህ ደግሞ ከስካውቶቻችን የተሻለ ማን አለ? መሬቱን በስሙ ያውቁታል፤ አምና ምን በቅሎበት እንደነበርም ይነግሯችኋል።

ስካውቶች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ቃጠሎ ስታዩ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ሎኬሽኑ ይብራ። ቀኑን ጻፉ። ከዚያው ቦታ ክረምት ከመግባቱ በፊት አንዴ፣ ከክረምት በኋላ አንዴ ድገሙት። ቡቃያ አለ? ከብት ገብቷል? እሱን ብቻ ጻፉ። ሒሳቡን እነዚህ ተማሪዎች ይሠሩታል፤ አሁን ከሻይ በኋላ የ2011ዱን ምስል ከፍተን አብረን እንጀምራለን። ቦታውን የምታውቁ ወደ ፊት ቅረቡና ኮምፒውተሩ የሳተውን አሳዩን።

አመሰግናለሁ።