ልጆቻችንን እናመስግን፦ በወታደር ወላጆች ማህበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ እንግዶቻችን፤ እንደምን አደራችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከሰንዳፋና ከሆለታ በሌሊት ተነስታችሁ ነው እዚህ ለገሃር የደረሳችሁት። እግዜር ይስጥልኝ።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው። ወታደር ልጆቻችንን አፍ አውጥተን እናመስግናቸው።

እስቲ ስልክ ስንደዋወል የምንለውን አስቡት። «በላህ ወይ? ብርድ አለ ወይ? ፈቃድ መቼ ነው የምትወጣው?» ትንሽ ቆይቶ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ቀድመን ካሰብንበት «ከክፉ ይሰውርህ፣ በሰላም ያግባህ» እንላለን። ምርቃቱ አይቅር፣ እሱ ስንቃቸው ነው። ግን እስከ ዛሬ ላደረጉት ነገርስ? ልጅን ማመስገን ብዙም አልለመደብንም። ልጅ ለወላጁ ቢታዘዝ ወጉ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ጠረፍ ላይ ቆሞ ማደር ግን ከመታዘዝ በላይ ነው። አባቶች በተለይ እናንተን ነው የምለው። በሆዳችሁ ትኮራላችሁ፣ ለጎረቤትም ታወራላችሁ። ለልጁ ግን አትነግሩትም።

እኔ ምኑን እንደማመሰግን ልንገራችሁ። ልጄ አብዬ ዘምቶ ነበር። አብዬ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡበት መሬት ነው። ሰኔ 2003 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እስከ 4200 ወታደር እንዲገባ ሲፈቅድ፣ የሄዱት የእኛ ልጆች ናቸው። ለዓመታትም ሸክሙን የተሸከሙት እነሱ ነበሩ። መጀመሪያ «ምን አገባን?» ብዬ ነበር። የሰው አገር ጠብ ነው፤ ልጄ እዚያ ምን ይሠራል? እሱ ነው ያስረዳኝ። በበጋ የሚሴሪያ አርብቶ አደሮች ሣርና ውሃ ፍለጋ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። እዚያ የሚኖሩት ደግሞ ንጎክ ዲንካዎች ናቸው። ሁለቱ ከተገናኙ አንድ የጠፋ ጥጃ መንደር ያስነሳል። የእኛ ልጆች ሰማያዊ ቆብ አድርገው መሐል ይቆማሉ። አንድ ማታ ደውሎ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ከብቶቹ በሰላም አለፉ» አለኝ። ደስታው ከድምፁ ይሰማል። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተኮሰም። በዜናም አልተነገረም። እኔ የማመሰግነው ያንን ቀን ነው። በዚያ ቀን ልጇን በሰላም ያሳደረች አንዲት የዲንካ እናት አለች። አንዲት የሚሴሪያ እናትም አለች። እኔን አያውቁኝም። ልጄ ግን ለሁለቱም ቆሞላቸዋል።

ይሄ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ከዚህ አዳራሽ ወጣ ስትሉ የምታዩት አሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ ሚያዝያ 1943 ለኮሪያ ጦርነት የተላከው የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያዎቹ ዘማቾች የተሸኙበት ነው። በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ኮሪያ። ያኔ ሸኝተዋቸው የቀሩት ወላጆች ስልክ የላቸውም። ኮሪያ በየት በኩል እንደሆነች እንኳ የሚነግራቸው ሰው ስንቱ አግኝቶ ይሆን? 121 ልጆች ወደቁ፣ 536 ቆሰሉ። አንድም የተማረከ የለም። እኔን ሁልጊዜ አንጀቴን የሚበላኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ወታደሮች ጦርነቱ ወላጅ ላሳጣቸው የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር። ጠመንጃ ይዞ የሄደ ልጅ የሰው ልጅ ሲያሳድግ! ይህን ያስተማረችው እናት የት ነች? ማን አመሰገናት?

ቀጥሎ የመጣውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሲሆን፣ ደቡብ ኮሪያ የዘመቱት አባቶች ታሪካቸውን በአደባባይ ማውራት አልቻሉም። ተረሱ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተንም ያው ዕጣ በሌላ ትውልድ ላይ መጣ። መለዮውን እንደለበሰ በከተማችን ጎዳና እጁን የዘረጋ ወታደር ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። የሰው ልጅ ነበር። እናት ነበረችው። ትናንት ተጨብጭቦለት የተሸኘ ነው።

ለዚህ ነው ምስጋናውን ለመንግሥት አንተወው የምለው። መንግሥት ይለዋወጣል። ሜዳልያው አንድ ዘመን ያስከብራል፣ ሌላ ዘመን ያስደብቃል። የወላጅ ምስጋና ግን ማንንም አይጠይቅም። ልጃችን የታዘዘበትን ጉዳይ ሁላችንም አንድ ዓይነት አናየው ይሆናል፤ በዚህ አዳራሽም አሳባችን ልዩ ልዩ ነው። ጓደኛውን ተሸክሞ ያወጣ፣ ምሽግ ውስጥ እንጀራውን የተካፈለ፣ የተጠማ ገበሬ ያጠጣ ልጅ ግን በማንኛውም ዘመን ምስጋና ይገባዋል።

ደግሞ ማመስገን ጦርነትን መውደድ አይደለም። ከወታደር እናት በላይ ሰላም የሚፈልግ ማን አለ? ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰሜኑን ጦርነት የሚያቆመው ስምምነት የተፈረመ ጊዜ ስንቶቻችን ወለል ላይ ተንበርክከን እንዳለቀስን እናውቃለን። በዚያኛው ወገንም የወለዱ እናቶች ነበሩ፣ እነሱም አልቅሰዋል። ዛሬም የጥይቱ ድምፅ ሙሉ በሙሉ አልበረደም። በየቀኑ ስልካቸውን አቅፈው የሚያድሩ እዚህ ተቀምጠዋል። እግዚአብሔር ለሁላችን ጆሮ ይስጠን።

መርዶ የገባባችሁ እናቶችና አባቶች፣ ለእናንተ የምለው ቃል ያንሰኛል። «ጀግና ነው የወለድሽው» ይሏችኋል። እውነት ነው። ግን ሰው ይህን ብሎ ሲሄድ ቤቱ ባዶ እንደሚሆን እናውቃለን። ስለዚህ የማህበራችን አባላት እባካችሁ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላም እንሂድ። ስሙን እየጠራን እናውራ። ትንሽ እያለ ምን ይወድ እንደነበር እንጠይቃቸው። እናት የልጇ ስም ሲጠራ ትወዳለች፤ ዝምታው ነው የሚጎዳት።

ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተኙ ልጆችም አሉ። አንዳንዶቹ ቤተሰባቸው ሩቅ ነው፤ ጠያቂ የላቸውም። ፍራፍሬውም ጥሩ ነው፣ ግን ቁጭ ብሎ የሚያወራቸው ይፈልጋሉ። ሰዓቱን ከጠያቂ ኮሚቴው ጋር ተነጋገሩ።

አንድ ቀላል ነገር ልለምናችሁ። ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ስልካችሁን አውጡ። ልጃችሁ ወንድም ትሁን ሴት፣ ኔትወርክ ካለ ደውሉ፣ ከሌለ በጽሑፍ ላኩ። «ስላደረግክልን አመሰግናለሁ» በሉ። «ስላደረግሽልን አመሰግናለሁ» በሉ። ምን ሆናችሁ ብለው ይደነግጡ ይሆናል፤ ደህና መሆናችሁን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የመጀመሪያው አጀንዳችን የተተኪ ጡረታ፣ ማለትም ልጅ ሲሞት ለቤተሰቡ የሚከፈለው ጡረታ፣ ሰነድ ጉዳይ ነው። በልጁ ይጦር የነበረ ወላጅም መብት እንዳለው ሳያውቁ ዓመታት ያለፋቸው አባላት አሉን። ወረቀት የያዛችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ፤ የሕግ ባለሙያዋ አንድ በአንድ ታየዋለች። ጉባኤው ተከፍቷል።