አሮጌ ሚሊንግ ማሽን ስታድሱ እነዚያን ጭረቶች አትንኳቸው

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ! እንኳን በሰላም መጣችሁ። ዛሬ ጋራዡ ውስጥ ነን። ከኋላዬ የቆመው ግራጫው ነገር ብሪጅፖርት ይባላል። ያገለገለ ሚሊንግ ማሽን ነው። ያገለገለ ስል ደግሞ በደንብ ያገለገለ። ባለቤቴ እሱ ከገባ ጀምሮ መኪናዋን ውጪ ነው የምታቆመው። በረዶ ሲጥል ስለዚህ ማሽን የምትለውን እዚህ አልደግመውም።

ሚሊንግ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋም። ቶርኖ ላይ እቃው ይዞራል፣ ሚሊንግ ላይ መቁረጫው ይዞራል። በቃ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ብሪጅፖርት የከተማ ስም ነው፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ውስጥ። ሩዶልፍ ባኖውና ማግነስ ዋልስትሮም የሚባሉ ከስዊድን የመጡ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1938 ይህን ዓይነት ማሽን ለገበያ አወጡ። ስደተኞች ናቸው እንግዲህ፣ እንደኛው። ከዚያ ወዲያ ሌላው ሁሉ ቀዳው። ስለዚህ የታይዋን ኮፒ ያላችሁም አትሂዱ፣ ዛሬ የምለው እናንተንም ይመለከታል።

አሁን ወደ ነገሬ። ሰው ያገለገለ ማሽን ሊገዛ ሲሄድ መጀመሪያ የሚያየው ምንድነው? ቀለሙን! ቀለም እኮ በቆርቆሮ ይሸጣል። የተበላ ብረት የሚመልስ ቆርቆሮ ግን የለም። እኔ እንደውም አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ማሽን ሳይ ነው የምጠራጠረው።

ታዲያ ምን እንይ? ጠረጴዛውን መሃል ላይ አድርጉት። እጀታውን ያዙና ወደ ቀኝ እስከ ጫፍ አዙሩ። ከዚያ ወደ ግራ፣ እስከ ጫፍ። እጃችሁ የሚላችሁን ስሙ። መሃል ላይ ልል፣ ጫፍ ላይ ጠበቅ ካለ፣ ማሽኑ ተበልቷል። መሃል ልል፣ ጫፍ ጠበቅ። ይቺን ያዙልኝ።

ለምን እንደዚያ ይሆናል? እስቲ ወፍጮ እናምጣ።

የኤሌክትሪኩን አይደለም። የእጁን፣ የድንጋዩን። ገጠር ያደገ ያውቀዋል፤ ከተማ ያደገም ቢሆን አያቱ ጓዳ አይቶት ይሆናል። ከታች ረጅሙ ድንጋይ አለ፣ ወፍጮው። ከላይ በሁለት እጅ የሚያዘው ትንሹ ድንጋይ አለ፣ መጁ። እህሉን ጣል፣ መጁን ገፋ፣ ሳብ። ገፋ፣ ሳብ። ዓመት ሙሉ። ዓመታት ሙሉ። ድንጋዩ የት ጋ ያልቃል? መሃሉ! ጫፉ ላይ መጁ ብዙም አይደርስ። ስለዚህ ወፍጮው መሃሉ ይጎደጉዳል።

ግን ልብ በሉ፣ መጁም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አብሮ ያልቃል። ወፍጮው ሲጎደጉድ የመጁ ሆድ በዚያው ልክ ይወጣል። ሁለቱ ይላመዳሉ። አንዱን ባንዱ ላይ ብታስቀምጡት ግጥም ነው፤ ፀጉር አያስገባም። አያታችሁን "እንዴት ነው ወፍጮው?" ብትሏት "ደህና ነው" ትላለች። እውነቷን ነው። ግጥም ነው። ቀጥ ያለ ግን አይደለም! አንዳቸውም ቀጥ ያሉ አይደሉም። አዲስ መጅ አምጡና እዚያው አሮጌ ወፍጮ ላይ አድርጉት፤ ይንገዋለላል።

ማሽኑም ይኸው ነው፣ ተገልብጦ ነው ያለው እንጂ። ረጅሙ ጠረጴዛ ወፍጮው ነው፣ ከላይ የተደፋ። ከስሩ ያለው አጭሩ ሳድል መጁ ነው። ስራ ሁሉ መሃል ላይ ስለሚታሰር ጠረጴዛው ከስሩ መሃሉን ይበላል። ወደ ጫፍ ስትወስዱት ደግሞ ያልተበላው ብረት ይመጣና ይጠብቃል።

አሁን ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? ጎን ላይ ሽብልቅ አለ፣ ጊብ የሚባለው። "ለቀቅ ብሏል" ብሎ መሃል ላይ ሽብልቁን ያጠብቃል። መሃሉ ተስተካከለ፣ ጎሽ። ወደ ጫፍ ሲሄድ ጠረጴዛው ቀጥ! አይንቀሳቀስም። ሽብልቁ የሚስተካከለው በጠባቡ ቦታ ነው፣ ጫፍ ላይ። መሃል የሚቀረውን ልልነት በመፍቻ አታስወግዱትም፤ እሱ የብረቱ ቅርፅ ነው።

"ሁለት ነገር መግጠሙ ቀጥ መሆኑን ካላሳየ፣ ቀጥ ያለ ነገር ከየት ይመጣል?" ካላችሁ፣ ሶስተኛ ታመጣላችሁ። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1840 ይህን አስረድቷል። ሶስት የብረት ገበታ ወስደህ አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሶስተኛው፣ ሶስተኛውን ከአንደኛው እያጋጠምክ ከፍ ያለውን ትፍቃለህ። አንዱ ጎድጓዳ፣ አንዱ ሆዳም ሆነው ሁለት ሊገጥሙ ይችላሉ። ሶስት ግን አይችሉም። ሶስቱም እርስ በርስ ከገጠሙ ቀጥ ናቸው። እኔ ይቺን ነገር በጣም ነው የምወዳት። ላይክ ሳታደርጉ ካለፋችሁ ለዊትዎርዝ ስትሉ አድርጉ።

[ካሜራው ወደ ሳድሉ ይጠጋል፤ የስልክ መብራት ከጎን]

እሺ። አሁን ቶሎ ብዬ ወደ ፍታታው ልገባ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ስር አንድ ወንድማችን የጻፈው ነገር አላስቀመጠኝም። እሱ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁታል። "ማሽኑ የሚንሸራተትበት ፊት ላይ ያሉትን ጭረቶች ለምን በብርጭቆ ወረቀት አላጠፋሃቸውም? መስታወት ቢሆን አያምርም?"

ያምራል። ችግሩ እሱ ነው፣ ያምራል!

እዩት እስቲ። መብራቱን ከፊት ለፊት ሳደርገው ምንም የለም። ከጎን ሳደርገው ግን፣ አያችሁ? ትንንሽ ግማሽ ጨረቃዎች፣ በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ። በጥፍሬ ስሄድበት በጭንቅ ነው የሚታወቀኝ። ይሄ አደጋ ያደረሰው ጭረት አይደለም። ሰው ስክሬፐር፣ ማለትም የብረት መፋቂያ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ በአንድ ያወጣው ነው። ለምን? ዘይት እንዲይዝ! እያንዳንዷ ጨረቃ ትንሽ የዘይት ኩሬ ነች።

ወፍጮስ ቢሆን አይወቀርም እንዴ? ሲሟልጥ እህሉ ይንሸራተታል፣ አይፈጭም። ያኔ በድንጋይ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ይወቅሩታል። እርግጥ እዚያ የሚወቀረው እህል እንዲይዝ ነው፣ እዚህ ደግሞ ዘይት እንዲይዝ። ስራው ይለያያል፤ የሟለጠ ፊት ግን በሁለቱም ቤት አይፈለግም።

መስታወት ካደረጋችሁት ዘይቱ ተጨምቆ ይወጣል። ሁለቱ ብረቶች ይጣበቃሉ። እጀታውን ትንሽ ታዞራላችሁ፣ ጠረጴዛው አይንቀሳቀስም። ትንሽ ትጨምራላችሁ፣ አሁንም የለም። ትንሽ ስትጨምሩ ዘሎ ያልፋችኋል። በዚህ ዓይነት ልኬት ላይ ማረፍ ዘበት ነው።

ደግሞ ሌላም አለ። እዚህ ጫፍ ላይ ጨረቃዎቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ወደዚህ ስመጣ ይደበዝዛሉ። እዚህ ጋ የሉም፤ ያብለጨልጫል። የሚያብለጨልጨው ነው የተበላው! እናንተ ጤነኛ የምትሉት እሱን ነው። ማሽን ልትገዙ ስትሄዱ መብራት ይዛችሁ ይሄንን ፈልጉ። ጭረቱ ከዳር እስከ ዳር ካለ፣ ዋጋ ተከራከሩ እንጂ አትለፉት። ብቻ ሻጩ ለማሳመር ብሎ ራሱ እንደ አዲስ ጭሮት እንዳይሆን፤ ስለዚህ እጀታውንም አዙሩ።

ሌላው ደግሞ "በግራይንደር ብነካካውስ?" አለ። ወንድሜ፣ ግራይንደሩን አስቀምጥ። ቀስ ብለህ። ሶኬቱንም ንቀል።

ዝገት ካለ በነጭ ጋዝና በጨርቅ እሹት። ከዚያ ደቃቅ የቢላ መሳያ ድንጋይ፣ ጠፍጣፋውን፣ በራሱ ክብደት ብቻ አንሸራትቱት። ብረቱ የሆነ ቦታ ተመትቶ ከፍ ያለ ነገር ካለ ድንጋዩ ይዝ ያደርጋል፤ በእጃችሁ ይሰማችኋል። መያዙን ሲተው እናንተም ተዉት። እንደ አዲስ መፋቅ ሌላ ሙያ ነው። ፊቱ ክሮም የተለበጠ ከሆነ ደግሞ በእጅ መፋቅ አይታሰብ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አላችሁ። አያችኋለሁ።

በሉ የቀረውን በሩጫ። ማሽኑ ወደ 900 ኪሎ ይመዝናል፤ ክብደቱ ደግሞ ከላይ ነው። ስታጓጉዙት ጭንቅላቱን፣ ዲናሞውና መቁረጫው ያሉበትን፣ ቁልቁል ድፉት፣ ጠረጴዛውን ዝቅ አድርጉ። ፍቱ፣ ፎቶ አንሱ፣ ፍቱ፣ ፎቶ አንሱ። የዘይት ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ንፉ። የሆነ ሰው ዘይት መግቢያው ላይ ግራሶ ጠቅጥቆ ሊሆን ይችላል። ግራሶ እዚያ ውስጥ ይደርቅና መንገዱን ይዘጋል፤ ብረቱ የተበላውም በዚያ ሊሆን ይችላል። ሲጸዳ ቁጥር 68 የዌይ ዘይት፣ ለሚንሸራተተው ፊት የሚሆነውን።

መቁረጫውን የሚያዞረው ዘንግ፣ የስፒንድሉ ኩሽኔታ ካልጮኸና ዲያል ጌጁ፣ ባለ ቀስቱ መለኪያ፣ ካልተንቀጠቀጠ አትንኩት። ውድ ነው፣ ተጣምሮ ነው የሚሸጠው። እጀታው ሲመለስ ባዶ ይዞራል ብላችሁ አትደንግጡ፤ ሁልጊዜ ወደ ልኬቱ ከአንድ ወገን ድረሱ። አንድ ሙሉ ዙር 0.200 ኢንች ነው፣ ወደ 5 ሚሊሜትር።

መብራት። ዲናሞው ስሪ ፌዝ ነው፣ እዚህ ቤት የሚገባው ሲንግል ፌዝ። መፍትሄው ቪኤፍዲ ነው፣ ሲንግሉን ወደ ስሪ ፌዝ የሚቀይር ሳጥን። ከቪኤፍዲው ቀጥታ ወደ ዲናሞው እሰሩት። መሃል ላይ ያለውን አሮጌ ማብሪያ ማጥፊያ አውጡት፤ እየሰራ ሳለ ካቋረጣችሁት ቪኤፍዲው ሊቃጠል ይችላል። አዲስ አበባ ሆናችሁ ስሪ ፌዝ ቆጣሪ ያላችሁ፣ ይሄ እናንተን አይመለከትም። ቀናንባችሁ።

ከዚያ ጭንቅላቱን ማቃናት። ዲያል ጌጁን ስፒንድሉ ላይ እሰሩ፣ ጠረጴዛው ላይ ክብ አስዙሩት፣ አራቱን ዳዶ ላላ አድርጋችሁ ግራና ቀኙ አንድ ቁጥር እስኪያነብ ነካ ነካ። ፊትና ኋላውንም እንዲሁ። ስታጠብቁት ይንቀሳቀሳል፤ እንደገና ለኩ።

መጨረሻ። ጭንቅላቱ ቱ ጄ የሚባለው ዓይነት ከሆነ የፍጥነት መዘውሩን ማሽኑ እየዞረ ብቻ ንኩት። ማርሹን ደግሞ በተቃራኒው፣ ቆሞ ብቻ። ዝቅተኛው ማርሽ ላይ ስታስገቡት ስፒንድሉ ወደ ኋላ ይዞራል። አልተበላሸም፤ አሰራሩ ነው፣ የዲናሞውን አቅጣጫ ቀይሩት። ይሄንን ኮመንት ላይ እንዳትጠይቁኝ። ዋጋውንም እንዳትጠይቁኝ፤ አይሸጥም።