አንዱን ዓሣ የማይለየው ጠቋሚ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ የማወራችሁም ስለ ዓሣ ዘረመል ነው። ቆይ፣ አትዝጉት!

ሰሜን ኖርዌይ ውስጥ ሎፎተን የሚባሉ ደሴቶች አሉ። በየክረምቱ ስክራይ የሚሉት ኮድ ዓሣ ከባሬንትስ ባሕር ተነስቶ እንቁላሉን ሊጥል ወደዚያ ይጎርፋል፤ አስጋሪውም ተከትሎት። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እዚያው ዳርቻ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ሌላ ኮድ አለ፣ ቁጥሩ የተመናመነና ጥበቃ የሚፈልግ፣ መረብ ውስጥ ሲገባ ግን ከእንግዳው ጋር ተቀላቅሎ የሚወጣ። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለችውን የጆሮ ድንጋይ አውጥቶ ቀለበቷን በማየት መለየት ይቻላል፣ ግን የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል።

ፓንቶፊዚን የምትባል ጂን የገባችው እዚህ ጋ ነው፤ እንዲህ መንጋ ከመንጋ ለመለየት የሚያገለግል የዘረመል ምልክት ጠቋሚ ይባላል። ሁለት ዓይነት ናት፣ ኤ እና ቢ። ስክራዩ በአብዛኛው ቢ ይይዛል፣ የዳርቻው ደግሞ በአብዛኛው ኤ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እዚያው ሎፎተን ውስጥ ሄኒንግስቨር የምትባል መንደር አጠገብ ባለ አንድ የማስገሪያ ቦታ የኖርዌይ የባሕር ምርምር ተቋም ናሙና ወስዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ስክራዩ ከበዛ ቦታው ይከፈታል፣ የዳርቻው ከበዛ ይዘጋል።

«በአብዛኛው» ያልኩትን ያዙልኝ። ዲኤንኤ ሲባል እኛ ቶሎ የሚመጣብን የአባትነት ምርመራ ነው፣ ያለቀለት መልስ። ይቺ ጂን ግን ስለ አንድ ዓሣ ብትጠይቋት አታውቅም። ኤ የያዘ ስክራይ አለ፣ ቢ የያዘ የዳርቻ ኮድም አለ። የምትናገረው ስለ መንጋው ድርሻ ነው። አስጋሪው የሚፈልገውም እሱኑ ነው!

ሌላም ጉድ አለባት። ጠቋሚ ስትመርጥ የተፈጥሮ ምርጫ ያልነካው ቦታ ፈልግ ይባላል፣ ምክንያቱም የሁለት መንጋ ዝምድና የሚለካው በእሱ ነው። የኮድ ዓሣ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የዘረመሉ ጠቅላላ ዝርዝር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታተመ በኋላ በተሠሩ ጥናቶች ግን ፓንቶፊዚን ያለችው አንደኛው ክሮሞዞም ላይ በተገለበጠ ትልቅ ክፍል ውስጥ መሆኑ ታወቀ። እዚያ ውስጥ ያሉ ብዙ ጂኖች ሳይበታተኑ አብረው ይወረሳሉ፣ ክፍሉም ከዓሣው ስደት ጋር የተያያዘና የተፈጥሮ ምርጫ የነካው ነው። ስለዚህ ልዩነቱን አጋንና ታሳያለች። ዝምድና ለመለካት ከሆነ ታሳስታለች፣ ሌሎቹ ተራ ጠቋሚዎች የሚያሳዩት ልዩነት በጣም ትንሽ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን የምትጠቅመው በዚያ በማጋነኗ ነው። ዛሬ በብዙ ጠቋሚዎች አንድ ላይ መመርመር ይቻላል፣ እሰየው። ግን አዲስ ጠቋሚ ልሥራ የሚል ሰው ላቦራቶሪ ከመግባቱ በፊት ውጤቱን ማን ሊጠቀምበት እንደሆነ፣ ለመቼስ እንደሚፈልገው ይንገረኝ። ጀልባ ወደብ ላይ ቆሞ ሁለት ዓመት ጥናት አይጠብቅም።