የድንች ዘር ቤት ከደሴ ደጋ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ

[ምስል፦ መዳፍ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ድንቾች]

ሁለቱም ከአንድ ማሳ በአንድ ቀን የተቆፈሩ ናቸው። የግራው ጨለማ ጥግ ተከምሮ ከረመ፤ ጉንቁሉ ነጭ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ ሲነኩት እንክት የሚል። የቀኙ ብርሃን ባለበት ቆጥ ላይ ከረመ፤ ጉንቁሉ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ወፍራምና አረንጓዴ። ሲተከል ቶሎና እኩል የሚወጣው ይሄኛው ነው።

ብርሃን ጉንቁሉን ያሳጥረዋል፣ ያጠነክረዋል። ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ይህን ያጠናው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፔሩ ውስጥ ቢሆንም መነሻው የገበሬዎች ልማድ ነው። አሠራሩን የተቀበሉት ገበሬዎችም የናሙናውን ቤት እንዳለ አልገለበጡም፤ ምክንያቱን ይዘው በየቤታቸው ልክ ሠሩት። ከቀበሌ ቀበሌ ልምድ ስንለዋወጥ የምንስተው ይህን ነው፤ ቤቱን እናሳያለን፣ ምክንያቱን ሳንናገር እንሸኛለን።

[ምስል፦ በደቦ የሚሠራ ቆጥ]

ልኩ ይህ ነው። ለአንድ ጥማድ መሬት አምስት ኩንታል ያህል ዘር ያስፈልጋል። ዘሩ ሁለት ድርብ ሆኖ (ድንች በድንች ላይ) ሲደረደር አንድ ካሬ ሜትር ርብራብ ግማሽ ኩንታል ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ሦስት ሜትር ተኩል ርዝመት፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ሦስት ደርብ ቆጥ ይበቃል። ስፋቱ ከአንድ ሜትር አይለፍ፤ መሃል ያለው የበሰበሰ ድንች በእጅ መደረስ አለበት። የታችኛው ደርብ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፤ በደርቦቹ መካከልም እንዲሁ ግማሽ ሜትር ይኑር። ርብራቡን በአጠና ወይም በቀርከሃ ሥሩት፤ በመሃሉ አየር ይለፍ፣ ድንቹ ግን አይሹለክ። የጣሪያው ጠርዝ ወጣ ብሎ ዝናብንና ቀጥተኛ ፀሐይን ይከልክል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግድግዳው ላይ ነው። “ቤት” ሲባል እጃችን ወደ ጭቃ ይሄዳል። ጎኑ ከተመረገ ብርሃኑም አየሩም ይቀራል፤ ተመልሶ ጨለማ ጎተራ ሆነ ማለት ነው። ከብት የሚያሰጋው ከሆነ በአጥር ከልሉት።

[ምስል፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ]

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ኮምቦልቻ ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ደጋ ላይ ሦስት ድርብ የቻለ ዘር ወደ ወይና ደጋ ሲወርድ ይታፈናል። ሙቀቱ ጉንቁሉን ያስቸኩላል፣ ድንቹንም ያጨማድዳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ የጣሪያውን ቆርቆሮ በሣር ክዳን ለውጡ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሥሩት፣ ከሁለት ድርብ አታሳልፉ። በየሳምንቱም ፈትሹ፤ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ከታየ የቫይረስ በሽታ ወደ ዘሩ ሊያስገባ ይችላል። ብርሃንና አየር ግን የትም ቢሆን አይነኩም።

ጎብኚ የምትጋብዙ ከሆነ ጉንቁሉ ካደገ በኋላ ብቻ ሳይሆን ገና ሲያቆጠቁጥ፣ ከዚያም ሊተከል ሲል ደግማችሁ ጥሩ። የቅሬ (የእድር) ስብሰባ ቀን ይመቻል። ከጨለማ የከረመውን አንድ ድንች ለማነጻጸሪያ አስቀሩ፤ በእጃቸው ይንኩት። አረንጓዴ የሆነው ዘር ሶላኒን የተባለ መርዝ ስለሚይዝ ለወጥ እንደማይሆን፣ ለከብትም እንደማይሰጥ ንገሯቸው።

ዘር ስታካፍሉ ደግሞ ጆንያ ውስጥ አትጠቅጥቁ፤ ኮምቦልቻ ሳይደርስ ጉንቁሉ ይረግፋል። ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት ወይም ሣጥን ደርድሩት፣ ላዩ ላይም ምንም ዕቃ አይጫን።